ፊደል ያልቆጠሩት መምህር

ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ድልብን አልፎ ጋሸናና ነፋስ መውጫን ያቋርጥና ደብረ ታቦርን ትቶ ወደ ፎገራ ይወርዳል። ወረታ ሳይደርስ ዓለም በር ላይ ታጥፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ መንገደኛ አውራ አምባን ያገኛል። ስለዚች መንደር በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ብዙ ተብሏል፤ ሴት የምታርስባት፣ ወንድ እንጀራ የሚጋግርባት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያልተሠራባት መንደር መሆኗ ሲወራ ዓመታት አልፈዋል። ወሬው እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚደነቀው በመንደሯ እንግዳ ልማድ ስለሆነ፣ የመሥራቿን የዙምራ ኑሩን ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ በተራ የሚከተለው ጥቂት ነው። ታሪኩ በተራው ሲነገር ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ዙምራ ቀድመው መምህር ሆኑ፣ መንደሩ ኋላ መጣ። አውራ አምባን የወለዳት ትምህርት ነው፤ የጋራ እርሻውም፣ ሽመናውም፣ ኮሚቴውም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ይህን ለማሳየት ነው ሕይወታቸውን ከልጅነት ጀምሮ የምተርከው፤ በወሎ ላለው ለየጁና ለሐብሩ አንባቢም ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳልሆነ እግረ መንገዱን ይታያል።

ዙምራ የተወለዱት በ1939 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ጎንደር እስቴ፣ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ነው። ያን ጊዜ ለገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ብርቅ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት በወደቀበት በ1967 መባቻ እንኳ ከአገሩ ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ዙምራም ፊደል ሳይቆጥሩ አደጉ። የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው የገዛ ቤታቸው ነበር። እናታቸው ቀን ከአባታቸው እኩል እርሻ ላይ ይውላሉ። ማታ ሲገቡ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ያቦካሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ልጅ ያቅፋሉ፣ የባላቸውን እግር ያጥባሉ። ሥራው ከዘገየ ደግሞ ስድቡና ዱላው አለ። ልጁ የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ አባቴ የሚያርፈው ደክሞት ከሆነ እናቴስ ለምን አልደከማትም? ሌሎቹም ጥያቄዎች ከዚሁ ዐይነት ናቸው። የጎረቤት ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም የማይበላው፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን የማይበላው ለምንድን ነው? አቅም ያጣ ሽማግሌና በሽተኛ ለምን ደጅ ይጣላል? ሰው ለሰው የማይፈልገውን ነገር ለምን ያደርጋል? መልስ አላገኙም። ያገኙት ስም ነው፤ ይህ ልጅ አእምሮው ተነክቷል ተባለ። የየጁ ሰው በዚህ የሚገረም አይመስለኝም። እዚህም ሠርግ ሲደገስ የእስላሙና የክርስቲያኑ እርድ ለየብቻ ነው፤ እናቶቻችንም ከእርሻና ከገበያ ተመልሰው ምጣድ ላይ የሚቀመጡት ያው በድካማቸው ላይ ነው። ልዩነቱ እስቴ ላይ አንድ ልጅ ይህን እንደ ተራ ነገር ማለፍ አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። የዙምራ የልጅነት ታሪክ የሚታወቀው ከራሳቸው አንደበትና ከመንደራቸው ሰዎች ነው። ትረካው ደግሞ እየተደጋገመ የገድል ጠባይ ይዟል፤ ገና በጨቅላነታቸው እንደ አዋቂ ይናገሩና ይመራመሩ እንደነበር ይነገራል። ታዲያ በዚህ ላይ ታሪክ ይገነባል ወይ? ይገነባል እላለሁ፤ ለገድሉ ክፍል ግን ክብደት ሳይሰጡ ነው። የእስቴን ልጅ ጥያቄዎች እውነት የሚያደርጋቸው የተጠየቁበት ዕድሜ አይደለም። ከዓመታት በኋላ አንድ መንደር የተሠራው በእነዚያው ጥያቄዎች ልክ መሆኑ ነው። ዛሬ አውራ አምባ ውስጥ የሚታየው ደንብ፣ ማለትም የሴቶች እኩልነት፣ የልጆች መብት፣ መሥራት ለማይችል መጦሪያ፣ ከክፉ ንግግርና ከክፉ ሥራ መራቅ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ወንድምና እህት ማየት፣ አንድ በአንድ ለእነዚያ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ የጨቅላውን ተአምር መተው ይቻላል፤ እንዲያውም ተአምሩ ሰውየው የደከሙበትን ዓመታት ስለሚሸፍን ቢተው ይሻላል።

በ13 ዓመታቸው ከቤት ወጡ። አምስት ዓመት ያህል ጎጃምን፣ ጎንደርንና ወሎን በእግር ዞሩ። ይህ ጉዞ በእኛ አገር ልማድ ውስጥ ሲታይ ትርጉሙ ይበልጥ ይገባል። ለዕውቀት ብሎ ከቤት መውጣት ወሎ የኖረበት ነገር ነው። ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ለቅኔ ወደ ዋድላ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ አለ፤ ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ደረሳ አለ። እዚሁ ሐብሩ ውስጥ ያለው ዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁ ስም ያወጣ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር፤ ደረሳው ከሩቅ እየመጣ፣ ባላገሩ እያበላው፣ ዓመታት ይቀራል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም የሚፈልጉት ያለቀለትን ዕውቀት የያዘ መምህር ነው። ዙምራ የወጡት ግን መምህር ፍለጋ አይደለም። የፈለጉት የሚሰማቸው ሰው ነው። በደረሱበት ሁሉ ስለ ሴት ድካም፣ ስለ እርድ መለያየት፣ ስለ ደካማ ሰው መጦር ይናገራሉ፤ ሰው ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል፣ ወይም እህል ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። በመጽሐፍ ያልተደገፈ፣ ከማንም ሸህና የኔታ ያልተወረሰ ትምህርት ይዞ የሚዞር ወጣት ለሰሚው ግራ ቢሆን አያስገርምም። በዚያ አገር ባህል ዕውቀት ሰንሰለት አለው፤ ከእገሌ ተማርኩ የማይል ሰው መምህር አይባልም። ዙምራ የጠቀሱት የእናታቸውን ኑሮ ብቻ ነበር።

ወደ እስቴ ተመልሰው ትዳር ያዙ፤ እያረሱም ሐሳባቸውን የሚጋራ መፈለጋቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ሰሚ የተገኘው ፎገራ ወረዳ፣ ዛሬ አውራ አምባ በሚባለው ቦታ ካሉ ገበሬዎች ዘንድ ነው። በ1964 ዓ.ም. 19 የሚሆኑ ሰዎች ይዘው የጋራ ኑሮውን ጀመሩ። የዓመቱን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ የሆነው ከአብዮቱ በፊት፣ መሬት ለአራሹ ከመታወጁ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው፤ በአዲስ አበባ ተማሪው ስለ እኩልነት ከውጭ መጻሕፍት እያነበበ በሚሟገትበት ዘመን ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ፎገራ ላይ ስለዚያው ነገር እየተነጋገሩ ነበር። ቀጥሎ ያለው ዓመት ደግሞ ለወሎ ክፉ ዓመት ነው። በ1965 እና በ1966 ረሃብ ራያን፣ የጁንና አምባሰልን ሲፈጅ፣ ከወልድያ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ዳር በተራበ ሰው ሲሞላ፣ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። ሰው በችግሩ ቀን የሚደገፍበት ደቦና ቅሬ እንኳ በዚያ ዐይነት መከራ ፊት አቅም አጥቷል፤ ደቦ የሚሠራው በሬና ጉልበት ላለው፣ ቅሬም የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነውና። አውራ አምባ ያደረገችው እነዚህን አገር በቀል መረዳጃዎች ወስዳ ከዓመት እስከ ዓመት የሚሠሩ ማድረግ ነው። መሥራት ያልቻለ ሰው ከጋራው እንዲበላ ደነገገች፤ ለአቅመ ደካሞችም በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራላቸው ሥራ መደበች። ስለዚህ አንዳንዱ እንደሚለው መንደሩ ከሶሻሊዝም የተቀዳ አይደለም። ደርግ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ በኋላ እንደምናየው ደርግም አላዳነውም።

የእነዚያን ዓመታት የዙምራ ትምህርት ምንነት ለመረዳት ከመንግሥቱ ዘመቻ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን የጀመረው በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዘመቻው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ በአጭር ዓመታት ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ያን ማሳነስ አይገባም። ነገር ግን ዘመቻው ለገበሬው የሰጠው የማንበቢያ መሣሪያ ነው፤ በገዛ ቤቱ ስላለው ነገር ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አልነገረውም፤ ይጠይቅ ዘንድም ብዙ አልተፈለገም። ዙምራ በተቃራኒው ፊደሉን ሳይዙ ጥያቄውን ያዙ። የሚያስተምሩት በጨዋታ፣ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እየመለሰ ነበር። ወሎ ውስጥ በወዳጃ ጸሎት ሽማግሌው ሲመርቁ ጉባኤው አሚን ይላል፤ የአውራ አምባ ስብሰባ አቀማመጡ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ግን የተሰበሰበው ሰው አሚን ብቻ ብሎ እንዲነሳ አይፈቀድለትም፣ ሐሳቡን መስጠት አለበት። ሴቶች ወንዶች በተቀመጡበት ተቀምጠው በእኩል ድምፅ መናገራቸው በጊዜው ከማረሳቸውም በላይ ጎረቤትን ያስቆጣ ነገር ይመስለኛል።

የጎረቤቱ ቁጣም እየበረታ ሄደ። ሃይማኖት የላቸውም፣ ባህል አፈረሱ የሚለው ክስ የደርግና የአማፅያኑ ጦርነት ሲደርስ የፖለቲካ ክስ ሆነ። በዚያ ዘመን በጎንደርና በወሎ ገጠር አንዱን ወገን ረዳህ መባል ለሞት የሚያበቃ ወሬ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ገደማ ዙምራና ተከታዮቻቸው እርሻቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ከፎገራ ሜዳ ወደ ከፋ ጫካ መሄድ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ እህሉ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ወባውም የራሱ ነው። ደርግ ወድቆ፣ አገር ረግቶ፣ በ1985 ተመለሱ። መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ነበር፤ ይህም ለመቶዎች ሰው እርሻ የማይበቃ ነው። የመንደሩን ታሪክ የሚጠራጠር ሰው ይህን ቦታ ልብ ብሎ ያንብብ። አንድን ማኅበር ያቆመው መሬቱ ቢሆን ኖሮ አውራ አምባ በ1981 ባበቃላት ነበር። መሬቱ ጠፋ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ሰዉ ተበተነ፤ በስደት አገር ሳይረሳ ተመልሶ የመጣው የተማሩት ነገር ብቻ ነው። ዙምራ ቀድመው መምህር ነበሩ ስል ከሁሉ አብልጬ የምደገፍበት ማስረጃ ይህ ነው።

ከተመለሱ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያጸናል። እርሻ ስለማያኖር ወደ ሽመና ዞሩ። በአገራችን ልማድ ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው፤ ሸማኔም ራሱ በብዙ ቦታ የተናቀ ነበር። አውራ አምባ ሽመናን ዋና ሙያዋ ስታደርግ ሁለቱንም ልማድ አንድ ላይ ጣለች፤ ሴቲቱ መወርወሪያውን ይዛ ሸማ ትሠራለች፣ ወንዱ እንዝርት ያሾራል። ወፍጮ ቤት ተከሉ፤ በፊት ያባረሯቸው ጎረቤቶች እህላቸውን ጭነው እየመጡ ያስፈጩ ጀመር። ቤታቸው ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምድጃውን ነው። ከጭቃ የተሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የከበበ፣ ጭሱን በጀርባ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው፤ መደቡና የዕቃ መደርደሪያውም ከዚያው ጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ተለስኗል። በዚያ ምድጃ ፊት የምትቀመጥ ሴት ዐይኗ አያለቅስም፣ ማገዶውም ያነሰ ነው። የእስቴዋን እናት ድካም ያየ ልጅ ኋላ ላይ ያዋለው ዕውቀት እንደዚህ ያለ ነው። ንባብ ቤትም ሠሩ፤ ቀለል ያለ ቤት ነው፣ በጥቂት መጻሕፍት የተጀመረ። ዕድሜያቸው ሦስትና አራት ዓመት የሆኑ ልጆች ለመደበኛ ትምህርት ሳይደርሱ ፊደል ይቆጥራሉ፤ የሚያስተምሯቸው ከፍ ያሉት የመንደሩ ልጆች ናቸው። ጋብቻም ከትምህርት በኋላ እንዲሆን ሴቷ 19፣ ወንዱ 22 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳያገቡ ተደነገገ። ለሴት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለገጠር አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ ከፍ አድርጌ የማየው የቤተሰብ ስብሰባውን ነው። በየ15 ቀኑ እያንዳንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ አባት፣ እናት፣ ልጆች። ባለፈው ሁለት ሳምንት ማን ምን አጠፋ፣ ማን ማንን አስከፋ፣ ማን ምን መልካም ሠራ ይባላል። ስብሰባውን ልጅ ሊመራው ይችላል፤ ልጅ አባቱን ይህን አድርገሃል ብሎ ይናገራል፣ አባትም መልስ ይሰጣል። ዙምራ በልጅነታቸው ያጡት ይህ ነበር። የጠየቁት ሁሉ እብድ በሚል ስም ተመለሰላቸው፤ እሳቸው ደግሞ የልጅ ጥያቄ በቀጠሮ የሚመለስበት ቤት ሠሩ። ለዚህ ደብተርም ጠመኔም አያስፈልግም፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው መምህር ሊሆኑ የቻሉበት ምስጢርም ይኸው ነው።

ነገሩን በዓለም ሚዛን ለማየት የካናዳዎቹን ክሪዎች መጥቀስ ይረዳል። ክሪ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። ልጆቻቸው ከወላጅ እጅ ተወስደው በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ እየተከለከሉ ሲያድጉ ብዙ ትውልድ አለፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በአልበርታ ክፍለ ሀገር ብሉ ኩዊልስ የተባለውን ትምህርት ቤት ወላጆች ገብተው ተቀመጡበት፤ አንለቅም ብለው ቆይተው አስተዳደሩን ተረከቡ። በካናዳ በነባር ሕዝብ እጅ የገባ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እሱ ነው። ክሪዎቹ የታገሉት ልጃቸውን የሚያስተምረው ሌላ እንዳይሆን ነው። አውራ አምባ የመጣባት ባዕድ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ችግሯ ምንም ትምህርት ቤት አለመኖሩና በቤት ያለው ትምህርት ዝም በል የሚል መሆኑ ነበር። መነሻቸው ቢለያይም ሁለቱ ሕዝብ የደረሱበት ፍርድ አንድ ነው፤ ልጅ የሚማርበትን ነገር ወላጁ ራሱ ሊወስን ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። አውራ አምባዎች ፈጣሪ አንድ ነው ብለው ያምናሉ፤ ግን የጸሎት ቤት አልሠሩም፣ ጾምና የሃይማኖት በዓል አይዙም። የወልድያና የመርሳ ሰው ይህን ሲሰማ የሚለው ይታወቀኛል፤ እኛ ሃይማኖታችንን ሳንጥል አብረን እንኖር የለም ወይ? እውነቱን ነው። በወሎ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች አለ፤ ቅሬው የጋራ ነው፣ ለቅሶው የጋራ ነው፣ ለመስጊዱ ክርስቲያኑ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያዋጣል። ስለዚህ ዙምራ ሰው እንዲፋቀር የሃይማኖት ልማድ መቅረት አለበት ብለው ካሰቡ፣ ወሎ በዚህ ላይ ትረታቸዋለች ብዬ አምናለሁ። በአንድ ነገር ግን እሳቸው ይረቱናል። የእኛ መቻቻል በአመዛኙ የወንዶችና የሽማግሌዎች መቻቻል ነው፤ በሁለቱም ወገን ቤት ውስጥ ያለውን የሴትና የልጅ ሸክም እንዳለ ትቶታል። የእርቅ ሽማግሌው አበጋር የሁለት ጎሳ ደም ያደርቃል፤ በባልና ሚስት የሥራ ክፍፍል ላይ ግን አይቀመጥም። ዙምራ የጀመሩት ከዚያ ከማይነካው ቦታ ነው፤ ሃይማኖትን በተመለከተ ያላቸውን አቋም ያልተቀበለ ሰውም ይህን ሊቀበል ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ መንደሩ የአንድ ሰው ጥላ ነው የሚል ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቴሌቪዥን ካሳያቸው በኋላ ጎብኚው በሺህ ሆነ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ለዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ክብሩ ለሚገባው ተሰጠ፤ ግን ዝናው ጥያቄውን አከበደው፣ እሳቸው ሲያልፉስ? ኮሚቴ አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ የሚለው መልስ ለኔ በቂ አይደለም፤ ኮሚቴ ያለበት ማኅበር ሁሉ አልዘለቀም። የሕዝቡ ቁጥርም 500 ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ልክ ለተሠራ ነገር አገር ሙሉ ምሳሌ ነው ማለት ይከብዳል። መንደሩን እንዳለ ወደ ሐብሩ ማምጣት አይቻልም፤ ማንም ያን የሚጠይቅ የለም። ሊመጣ የሚችለው በቁንጽል ነው፤ ጭሱን የሚያወጣው ምድጃ፣ ንባብ ቤቱ፣ የ15 ቀኑ የቤተሰብ ስብሰባ። ለመተካካቱ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አውራ አምባ ውስጥ ኋላ ላይ መደበኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከአካባቢው መንደሮች የሚመጡ ልጆችም ይማሩበታል። ከመንደሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመረቁ አሉ። እነዚህ ዙምራ ያልቆጠሩትን ፊደል ቆጥረዋል፤ እሳቸው ያላነበቡትን መጽሐፍ አንብበዋል። ከእነሱ አንዳንዱ በየ15 ቀኑ ሲቀመጥ የዙምራን አንዳንድ ሐሳብ ራሱን ይሞግት ይሆናል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ሽማግሌውም ሊመልሱለት ይገባል።